በተኛ ሰው ፊት

ይፍሩ አውቶቡስ ይነዳ በነበረበት ጊዜ «ሰው ሹፌርን የሚቆጥረው እንደ ወንበሩ ነው» ይለኝ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ከአቲቆት ሰፈር ተነሥቶ በግቫት ጺዮን አልፎ አፍሪዳር እስኪደርስ ድረስ ከጀርባው የማይወራ ነገር የለም። ወታደሩ ከእጮኛው ጋር በስልክ ይጣላል፤ ምራት አማቷን ታማለች። የኛ ሴቶች ደግሞ ሌላው ተሳፋሪ አማርኛ አያውቅም ብለው የጓዳቸውን ገመና ሁሉ ይዘረግፉታል፤ መሪውን የያዘው የጎንደር ልጅ መሆኑ ትዝ አይላቸውም። ሊወርዱ ሲሉ ይፍሩ በመስታወቱ ያያቸውና «ደህና ዋሉ እትዬ፤ ለሆድዎ የተልባ ውሃ ይሞክሩ» ይላቸዋል። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትቀራለች።

«ጀርባዬን አይተው ነው፣ ጋሼ ፈቃዱ» ይለኛል እየሳቀ። «ጀርባ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።»

እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ያ ቀልድ ዞሮ በራሱ ላይ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?

ይፍሩን ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ሀብትነሽ ናት። እናታቸው ቀድማ ሞታለች። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወደ እስራኤል ለመግባት ከጎንደር ወደ ሱዳን ስንጓዝ እሱ ገና ልጅ፣ እሷ ለጋብቻ የደረሰች ነበረች። ቀን ተደብቀን በጨለማ ነው የምንሄደው። አንድ ቀን ከተደበቅንበት ቁጥቋጦ ሽፍቶች ደረሱ። ወንድ ልጅ ይወስዳሉ ተብሎ ተወርቶ ስለነበር ሀብትነሽ ወንድሟን መሬት ላይ አስተኝታ በደረቅ ሣር ሸፈነችውና «ድንጋይ ሁን» አለችው። ራሷ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ እጇን ግን በሣሩ ሥር ሰዳ የእግሩን አውራ ጣት ይዛለች። ሽፍቶቹ ስለ እሷ ክፉ ክፉውን ሲያወሩ፣ ልጁ ከሣሩ ሥር ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ሊጮህ ሲደርስ እሷ ጣቱን ጠበቅ ታደርገዋለች። እዚህ መሆንህን አውቃለሁ ማለቷ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ሽፍቶቹ የያዝነውን ስንቅ ወስደው ሄዱ።

ካደጉ፣ ከወለዱ በኋላ እንኳ ሀብትነሽ ከይፍሩ ቤት ወጥታ ስትሄድ፣ ወንድሟ ባዶ እግሩን ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ እንደሆነ አውራ ጣቱን ቆንጠጥ አድርጋው ነው የምትሰናበተው። ሚስቱ ዘርፈሽ ትስቅባቸው ነበር። «አይ የናንተ ሰላምታ! ሰው ጉንጭ ይስማል፤ እናንተ ጣት ትቆነጥጣላችሁ።»

ከሦስት ዓመት በፊት በክረምቱ፣ ይፍሩ አንድ ጠዋት ለሥራ ሲነሣ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ወጥቶ የማይናገሩ፣ የማይንቀሳቀሱ ሰዎች የሚተኙበት ቤት ገባ። ዓይኑ ይከፈታል፤ ግን ሰው አይከተልም። እጁን ብታነሣው ይወድቃል። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። «እስካሁን ምንም መልስ አላየንም። መልስ የለም ማለት ግን ሰው የለም ማለት አይደለም፤ አናውቅም» አለን። ነርሷ ሞራንም «አናግሩት፣ ዝም ብላችሁ አናግሩት» እያለች ትለምነን ነበር። እኛ ከሐኪሙ ቃል ግማሹን ይዘን፣ ግማሹን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጥለነው ሄድን። ከተማው ውስጥ የተወራው «ይፍሩ ነፍሱን አያውቅም» የሚል ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ የሰው ራስ በጎኑ ተሥሎ ነበር። ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከአፍንጫ ቀስት እየተነሣ ወደ አንጎል ይገባል። መምህራችን ቀስቱን በአርጩሜ ጫፍ እየተከተሉ «ድምፅ በጆሮ ይገባል፤ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውየውም ይሰማል» ያስብሉን ነበር። ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ልጅ «ሰውየው የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም «ቁጭ በል!» አሉት። ይፍሩ አልጋ ግርጌ ቆሜ የተከፈተ ዓይኑን ሳይ ያ ልጅ ትዝ ይለኝ ነበር።

ሀብትነሽ ግን ጥያቄም አልነበራት። ከግቫት ጺዮን በአውቶቡስ ትመጣና የሌላውን ሰው ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ከአልጋው ግርጌ ትቀመጣለች፤ ብርድ ልብሱን ገልጣ አውራ ጣቱን ትይዛለች፤ የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። «የማሬ ልጅ መኪና ገዛ፤ ማቆም ግን አያውቅበትም፣ የሰው አጥር ገጨ። ትሰማለህ አይደል? ትሰማለህ።»

ዘርፈሽ ከራስጌው ናት። ታጥበዋለች፣ ትላጨዋለች፣ ከንፈሩን ቅባት ትቀባዋለች። ስለ ዘርፈሽ ሳወራ ይህን መዝለል አልወድም። አንድ ቀን አልቀረችም። ያጠበችው፣ ያገላበጠችው፣ ወገቧ እስኪጎብጥ ያነሣችው እሷ ናት። ይፍሩንም እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው ይኸው ነው።

በጋው ሲገባ ሀብትነሽ ሞተች። ታመመች ሳይባል፣ ልቧ ቀጥ አለ።

መርዶ በኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ለታመመ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው ነው የሚያረዱት፤ ዘመድ ከበሩ ውጭ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቃል፤ ቃሉ ሲነገር ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። የሚያዝን ሰው ለብቻው እንዳይወድቅ ነው። ለዚህ ብለን ዓመት ሙሉ ውሸት እንናገራለን፤ ባሕር ማዶ ላለች እናት የሞተውን ልጇን «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልን እናኖራታለን። ስለዚህ በሀብትነሽ ቀብር ላይ ተማከርንና ይፍሩ ሲድን ይነገረዋል ተባለ። ልጇ የሰው አጥር የገጨው ማሬ፣ የዘርፈሽ እኅት፣ ግን «ለማን ነው የምትደብቁት? ለግድግዳው?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ይፍሩ ተመለሰ። መጀመሪያ ዓይኑ ሰው መከተል ጀመረ፤ ቀጥሎ ግራ እጁ፤ ቀጥሎ እየተጎተተ አንድ አንድ ቃል። ወታደር የሆነችው ልጁ ሆዳያ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አልጋው ሥር ተንበርክካ ስታለቅስ «ውሃ» አላት። ሐኪሙ ተደሰተ፤ ሞራን ጨፈረች፤ ክረምት ሳይገባ ወደ አቲቆት ቤቱ ተመለሰ።

እኛ ደግሞ ውሸታችንን አሰናዳን። ሀብትነሽ የት ናት ሲል ናታንያ ከተማ የዘመዳቸው ልጅ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች ይባላል። ለምን አትደውልም ሲል ስልኳ ውሃ ገብቶበታል ይባላል። ሁሉም አጥንቶ ይዞታል። ዘርፈሽ እንዲያውም አራሷ የወለደችው ወንድ ነው ሴት በሚለው ከማሬ ጋር ተጣልታ ነበር። ይፍሩ ግን አልጠየቀም። ስለ አውቶቡሱ ጠየቀ፤ ስለ ሆዳያ ጠየቀ፤ ስለ ጎረቤት ድመት እንኳ ጠየቀ። ስለ እኅቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ማስታወሱ ገና አልመጣለትም» አለችኝ ዘርፈሽ። «አምላክ አዝኖልን ነው።»

እኔ ደስ አላለኝም። ያሳደገችህን እንዴት ትረሳለህ?

ሐኪሙ ልቡ ጠንክሯል ሲል ቀን ቆረጥን። አፍ ሆኖ የሚናገረው አባባ ጎሹ ነው። አባባ ጎሹ በአሽቀሎን ሙሉ በመርዶ ነጋሪነት የታወቀ ሰው ነው፤ ከመታወቁ የተነሣ ጠዋት ጠዋት ማንም ቤት አይሄድም። አንድ ጊዜ ስኳር ሊበደር የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ ሴትዮዋ አይታው ተዝለፍልፋ ወድቃለች።

ማለዳ ላይ ደረጃው ሞላ። ሴቱ ወንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከታችኛው በር እስከ ሦስተኛው ፎቅ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ውሻውን ሊያንሸራሽር የወጣ አንድ ሩሲያዊ ጎረቤት ያን ሁሉ ሰው አየና «ሃኮል በሴዴር?» አለ፤ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። ማሬ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ሰውየው ውሻውን አቅፎ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ወረደ።

አባባ ጎሹና እኔ ገባን። ይፍሩ ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ዘርፈሽ ቁርሱን አብልታው አጠገቡ ቆማለች። አባባ ጎሹ እንደ ልማዱ ከሩቅ ጀመረ። ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ይፍሩ ልጄ፣ ዓለም እንደምታውቃት ናት። ሰው እንደ ሣር ነው፤ አበው ሲተርቱ...»

ይፍሩ ግራ እጁን አነሣ።

«አባባ ጎሹ» አለ፣ ቃሉን ከአፉ አንድ ጎን እየጎተተ። «ዘገዩ።»

«ምን አልክ ልጄ?»

«ዘገዩ። እኔን ሌላ ሰው አርድቶኛል።»

አባባ ጎሹ ወደ እኔ አየ። በዚያ ሁሉ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። «ማነው ይህን ድፍረት የሠራ? ማን አረዳህ?»

«ዘርፈሽ።»

«እኔ?» ብላ ጮኸች ዘርፈሽ። «እኔ? አፌ ይቆረጥ! በሆዳያ ሞት! እንዳይጠይቀኝ እንኳ ፈርቼ ስኖር!»

ደረጃው ላይ ያሉት ጩኸቷን ሲሰሙ ቃሉ ተነገረ ብለው አሰቡ። ሴቶቹ ሙሾውን ለቀቁት። በሩን ገፍተው «ወይኔ ሀብትነሽ! ወይኔ እናቴ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ይፍሩ ዝም ብሎ ጠበቃቸው። እንባም የለው፤ ደረቱንም አልመታ። የፊተኞቹ ፊቱን ሲያዩ ድምፃቸው እየሟሸሸ ሄደ፤ የኋለኞቹ ደረጃው ላይ ለብቻቸው ጥቂት ሲያለቅሱ ቆዩና እነሱም ዝም አሉ።

«እያጠብሽኝ ነበር» አለ ይፍሩ። ዓይኑ ከዘርፈሽ ፊት አልተነሣም። «አንቺና ማሬ። ጠዋት ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው። ማሬ የቀብሩን ነገር ታነሣለች፤ ስንት ሰው እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ። የማን ቀብር እንደሆነ ግን ከአንቺ አፍ ነው የሰማሁት፤ ሀብትነሽ አልሽ። ከዚያ አንቺ አለቀስሽ። ከዚያ አንድ ነገር አልሽ። እኔ ልበለው ወይስ አንቺ ትይዋለሽ?»

ማሬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዘርፈሽ ግን አልሸሸችም፤ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እሷ ከምትሄድ ይሄ በድን በሄደ» አለች። «እንዲህ ነው ያልኩት።»



«እጅሽ ደረቴ ላይ ነበር» አለ ይፍሩ። «እንደዚያ ስትዪ እንኳ እጅሽ ሥራውን አልተወም። ልብሱን ጨምቀሽ፣ አንገቴን አበስሽኝ። እኔም ያለሁት እዚያው ነው። ከዚያች እጅሽ ሥር።»

«ይፍሩ፣ አልሰማህም ብዬ እኮ ነው!»

«እሱንማ አውቃለሁ። መስማቴን እያወቅሽ ብትዪው ኖሮ ንዴት ነው እል ነበር።»

ሆዳያ ወደ እናቷ ሮጣ «ዳይ ኢማ፣ ዳይ» እያለች አቀፈቻት። ይበቃል ማለቷ ነው። አባቷን ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ እሷም እዚያ ክፍል ውስጥ ያወራችውን እያስታወሰች እንደነበር ፊቷ ይናገራል። ሁላችንም እያስታወስን ነበር። አንዱ የባለ ጎማ ወንበሩን ዋጋ፣ አንዱ የቤቱን ውርስ፣ አንዱ ዝም ብሎ የኳሱን ውጤት። ሃያ ሰው ቆሞ፣ እያንዳንዱ ያንን አልጋ በልቡ እየዞረ አፉን ይፈትሻል።

የሐዘኑ ሥርዓት ሌላ ክርክር አስነሣ። የሰፈሩ ራቭ፣ የሃይማኖት መሪያችን፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ለተሰማ መርዶ አንዲት ሰዓት መሬት ላይ መቀመጥ ይበቃል አለ። አባባ ጎሹ «አንድ ሰዓት? ላሳደገችው?» ብሎ ተቆጣ። ይፍሩ ሁለቱንም አዳመጠና «የሐዘኔን ሰባት ቀን ተቀምጫለሁ» አለ። «ተኝቼ ተቀመጥኩ። ደረት የምመታበት እጅ አልነበረኝም፤ የማለቅስበት አፍ አልነበረኝም። ደግሞ ማንም ለቅሶ አልደረሰኝም። አሁን ሂዱ፣ ብሉ፣ ጠጡ።» ምግቡ ተሰናድቶ ስለነበር ሰው በልቶ ሄደ። እንደዚያ ያለ ድምፅ የሌለው የለቅሶ ቤት አይቼ አላውቅም።

ከጊዜ በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ውስጡ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅሁት። ያሰበው ይመስል ቶሎ መለሰልኝ።

«አውቶቡስ ነው፣ ጋሼ ፈቃዱ። ሰው ተሳፍሯል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። መሪውን እይዛለሁ፣ አይዞርም። ፍሬን እረግጣለሁ፣ አይይዝም። ደወሉን ይደውላሉ፤ አውርደን ይላሉ። በሩን መክፈት አልችልም። ወሬያቸው ግን ሁሉም ይመጣል። እሷ ስትመጣ በጣቴ አውቃታለሁ። ጣቴን ስትይዘው አውቶቡሱ ለጥቂት ይቆማል። ከዚያ አንድ ቀን የሚይዘው ጠፋ። ዘርፈሽ ሳትናገረው በፊት ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን ከዳንክ በኋላ ለወራት ዝም አልክ?»

«ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ።» ባሕሩ ባለበት በኩል አየ። «ጠዋት ጠዋት ቡና ስትሰጠኝ ዓይኗን አያለሁ። ዛሬ ትለኛለች እላለሁ። ያንን ነገር እንዲህ ብዬ ነበር ይቅር በለኝ ትላለች እላለሁ። እንዴት ትላለች? መስማቴን አታውቅም። አለማወቋን እኔ አውቃለሁ። ግን እጠብቃለሁ። ሞኝነት ነው።»

ሰው ያልሰማውን ይቅርታ አይጠይቁትም፤ የሰማ ሰው ደግሞ ካልተጠየቀ አያርፍም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ አልጋ የሚተኙት በዚህ መካከል ነው።

ዘርፈሽ ተለውጣለች። አሁን በተኛ ሰው ፊት ምንም አታወራም። ይፍሩ ሶፋው ላይ ሸለብ ካደረገው እንግዳ ሁሉ ዝም ይላል፤ ስልክ ከጮኸ ደረጃው ላይ ወጥታ ታነሣለች። ማሬ ትተርባታለች። «ነገ ደግሞ ፍሪጁ ፊት አታውሩ ትይናለሽ።» ዘርፈሽ አትስቅም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ይፍሩ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ዘርፈሽን በዝግታ «እንዴት ናችሁ? ልቡ ተመለሰልሽ?» ልላት ስጀምር አፌን በእጇ ልትከድነው ምንም አልቀራትም። እጄን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ። ከሕንፃው በር ውጭ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋ ስንደርስ ነው የተነፈሰችው።

«አላውቅም፣ ጋሼ ፈቃዱ» አለች። «ይበላል፣ ይጠጣል፣ አመሰግናለሁ ይለኛል። ክፉ አይናገረኝም። ምነው በተናገረኝ! ያን ጊዜ ዓይኑ ተከፍቶ እያየሁት ውስጡ ማንም የለም አልኩ። አሁን ያወራኛል፣ ይስቅልኛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላገኘውም።»

«ጊዜ ስጪው።»

«ባለፈው ቀን እንዲህ ተኝቶ ሳለ...» ቆም አለች። «ካልሲ አላደረገም። ሀብትነሽ እንደምታደርገው ላድርግለት ብዬ፣ ያንን ደህነኛውን እግሩን፣ አውራ ጣቱን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ገና ሳልነካው እግሩን ሰበሰበ።»

«በእንቅልፍ ልቡ ይሆናል።»

«ይሆናል። ነቅቶም ይሆናል። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ማንን ልጠይቅ? እሱን? በምን አፌ?»

ብዙ ቆየሁ ብላ ደነገጠችና ወደ ላይ ተመለሰች። ምርኩዜን ረስቼ ኖሮ እኔም ቀስ እያልኩ ተከተልኳት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የገዛ ቤቷ በር ፊት ቆማ አገኘኋት። ቁልፉ በእጇ ነው። ሳትከፍት በፊት በሩን በጣቷ አንኳኳች።

«ይፍሩ» አለች። «እኔ ነኝ፣ ዘርፈሽ።»

ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ቆመች።